ድካሙ በየት ነው፣ መደንዘዙስ የት ላይ ያበቃል? የነርቭ ሕመምን በሐረርና በድሬዳዋ ስለ መለየት

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ጤና ጣቢያዎች ተመላላሽ ክፍል ውስጥ «እጄን ይደነዝዘኛል»፣ «እግሬን ያቃጥለኛል»፣ «ዕቃ ከእጄ እየወደቀ አስቸገረኝ» የሚል ታካሚ እንግዳ አይደለም። ለእነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ የቫይታሚን ቢ መርፌ ወይም ክኒን፣ ከእርሱም ጋር የሕመም ማስታገሻ። ታካሚው ሳይሻለው ከተመለሰ ደግሞ «አዲስ አበባ ሄደህ ነርቭህን ታይ» ይባላል። በሁለቱ መልሶች መካከል መሠራት የነበረበት ሥራ ግን ሳይሠራ ይቀራል፤ እርሱም የትኛው ጡንቻ እንደ ደከመና የትኛው እንዳልደከመ፣ መደንዘዙ ከየት ተነሥቶ የት ላይ እንደሚያበቃ፣ ምልክቶቹ በምን ቅደም ተከተል እንደ መጡ በእጅ እየነኩ ማወቅ ነው። ይህ ሥራ መሣሪያ ሲጠፋ ብቻ የሚያዝ ምትክ ተደርጎ መቆጠሩ ትልቅ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። በተለይ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የሚታዩት የነርቭ ሕመሞች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የሚለዩ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ በጊዜ ካልተለዩ እጅን፣ እግርን ወይም ሕይወትን የሚወስዱ ናቸው።

እዚህ የምንነጋገረው ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ወጥተው ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ ስለሚሄዱት ነርቮች ነው። እያንዳንዱ ነርቭ የሚያዝዛቸው ጡንቻዎችና ስሜት የሚቀበልበት የቆዳ ክፍል በሥነ አካል ትምህርት የታወቁ ናቸው፤ ከሰው ሰው የሚለያዩትም በጥቂቱ ነው። አንድ ነርቭ ሲጎዳ እርሱ የሚያዝዛቸው ጡንቻዎች ብቻ ይደክማሉ። ጉዳቱ የደረሰው ነርቩ ከአከርካሪ አጥንት በሚወጣበት ሥር ላይ ከሆነ ግን አንድ ሥር ለብዙ ነርቮች ስለሚያካፍል ድካሙ የአንዱን ነርቭ ድንበር አልፎ ይሄዳል። ጉዳቱ ከዚያም ወደ ውስጥ ገብቶ በህብለ ሰረሰር ወይም በአንጎል ላይ ከሆነ ደግሞ ሪፍሌክሱ፣ ማለትም ጅማት በመዶሻ ሲመታ አካል ሳይታዘዝ የሚወነጨፈው፣ ከልክ በላይ ይበረታል፤ እግሩም ይገተራል። ስለዚህ መርማሪው «ምን ደከመ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «ምን ሳይደክም ቀረ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የጉዳቱን ቦታ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ነገሩን በአንድ እጅ ላይ እንየው። በሐረር ጁገል፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ የሚውል ሰው የግራ እጁ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቱ ደንዝዘው መጣ እንበል። መርማሪው መጀመሪያ የሚያደርገው ታካሚው ራሱ በሌላው እጁ ጣት የደነዘዘውን ቦታ ዙሪያውን እንዲያሳይ መጠየቅ ነው። ከዚያ በጥጥ፣ ቀጥሎም ቆዳ በማይበሳ ሹል ስንጥር፣ ከደነዘዘው ወደ ደኅናው እየሄደ ድንበሩን ይፈልጋል። የቀለበት ጣቱ ቁልቁል ለሁለት ተከፍሎ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ጎኑ ደንዝዞ በመሃል ጣት በኩል ያለው ደኅና ከሆነ፣ ጉዳቱ በነርቩ በራሱ፣ ማለትም አልናር በሚባለው ነርቭ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ የአንገት ነርቭ ሥር ጣትን እንዲህ አይከፍልምና። ቀጥሎ ወደ ላይ ይወጣል። የአልናር ነርቭ መደንዘዝ ከእጅ አንጓ ጥቂት ከፍ ብሎ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው የክንድ ውስጠኛ ቆዳ የራሱ ሌላ ነርቭ አለው። መደንዘዙ በክንዱ ውስጠኛ ጎን እስከ ክርን ከዘለቀ ነገሩ ከክርን በላይ፣ በብብት አካባቢ ባለው የነርቮች መረብ ወይም በአንገት ላይ ነው።

ከዚያ እጁን ይገለብጠዋል። ለትንሿ ጣት ጀርባ የሚሄደው ቅርንጫፍ ከአንጓው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከዋናው ነርቭ ስለሚለይ፣ የውስጡ መዳፍ ደንዝዞ የጀርባው ቆዳ ደኅና ከሆነ ነርቩ የተጫነው አንጓው ላይ ነው፤ ሁለቱም ከደነዘዙ ግን ክርን ላይ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ለጡንቻው አንድ ወረቀት ይበቃል። ታካሚው ወረቀቱን በሁለቱም እጆቹ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ጎን መካከል ጨብጦ ሲይዝና መርማሪው ሲጎትትበት፣ አልናር ነርቩ የተጎዳበት እጅ አውራ ጣት ለማገዝ ከጫፉ ይታጠፋል። በመጨረሻም መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ አውራ ጣቱን ወደ ጣሪያው እንዲያነሣና እንዳይገፋበት እንዲከላከል ይጠየቃል። ይህን እንቅስቃሴ የሚያዝዘው ሚዲያን የተባለው ሌላ ነርቭ ነው። እርሱም አብሮ ከደከመ ሁለት ነርቮች በአንድ ጊዜ ተጎዱ ከማለት በፊት ለሁለቱም የሚያካፍሉትን የአንገት ነርቭ ሥሮችና መረቡን መጠርጠር ይገባል። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ቦታው ክርን መሆኑ ከታወቀ በኋላ ምክንያቱ ይጠየቃል። እዚህ ላይ የአካባቢውን አኗኗር ማወቅ ይጠቅማል። ልብስ ሰፊው ሕመሙን በሥራው ላይ ሊያመካኝ ይችላል፤ ነገር ግን በየቀኑ ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ ግራ ክርኑን ተደግፎ ለሰዓታት የሚቀመጥ ከሆነ፣ ክርን ላይ ከቆዳ ሥር ብቻ የሚያልፈው ይኸው ነርቭ በየቀኑ ይጫናል ማለት ነው። መፍትሔውም ከመድኃኒት በፊት አቀማመጥን መለወጥ ይሆናል። ምክንያቱን ሳይጠይቅ ቫይታሚን ያዘዘለት ሰው ግን በሽታውን በየቀኑ እንዲያድሰው ወደ ቤቱ ሰደደው። መርማሪው ከዚያ ሳይነሣ ሊያደርገው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ በሁለቱም ክርኖች ከኋላ በኩል ነርቩን በጣቱ ዳብሶ ውፍረቱን ማወዳደር። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

በሌሎቹ የእጅ ነርቮች ላይ ብዙ አልቆይም። ከአውራ ጣት እስከ ቀለበት ጣት ግማሽ ድረስ የሚደነዝዝ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና እጅን በማራገፍ የሚቀል ሕመም የሚዲያን ነርቭ በአንጓ ላይ መታነቅ ነው፤ የመዳፉ መሃል ቆዳ ስሜቱ ሳይጎድል መገኘቱም ያረጋግጠዋል፣ ምክንያቱም የእርሱ ቅርንጫፍ በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ አያልፍም። አንጓው የወደቀበት፣ እጁን ወደ ላይ ማንሣት ያቃተው፣ ክርኑን ግን በኃይል የሚዘረጋ ሰው ራዲያል ነርቩ በላይኛው የክንድ አጥንት መሃል ላይ ተጎድቷል። በዚያ ቦታ የተሰበረ ክንድ ነርቩን ይዞት ሊሄድ ስለሚችል፣ አጥንቱ በሐኪምም ሆነ በወጌሻ ከመታሰሩ በፊትና ከታሰረ በኋላ አንጓው መነሣቱን ማየት ግዴታ ነው። እስሩ ጠብቆ ጣቶቹ ያበጡበት፣ የደነዘዙበትና ሲዘረጉለት ሕመሙ የሚጠናበት ሰው ሰዓታት የሚቆጠሩበት ድንገተኛ ታካሚ ነው።

እግሩን ከፊት ማንሣት አቅቶት እየጎተተ ለሚመጣ ሰው ደግሞ የሚለየው ጥያቄ አንድ ነው፤ ተረከዙን ወደ ውስጥ ማዞር ይችላል ወይስ አይችልም? ከጉልበት በታች በውጭ በኩል የሚዞረው የፔሮኒያል ነርቭ ከተጎዳ እግርን ማንሣትና ወደ ውጭ ማዞር ይደክማሉ፣ ወደ ውስጥ ማዞር ግን ደኅና ነው። አምስተኛው የወገብ ነርቭ ሥር ከተጎዳ ሦስቱም ይደክማሉ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ቁጢጥ ብለው ለረጅም ሰዓት በሚሠሩ ሰዎች፣ በሕመም ብዛት በከሱ ሰዎችና ጉልበታቸው ሥር በጄሶ በታሰሩ ሰዎች ላይ ይመጣል። ባቱም ጭምር ከደከመና የቁርጭምጭሚቱ ሪፍሌክስ ከጠፋ ጉዳቱ ከፍ ብሎ በመቀመጫው ላይ ባለው ትልቅ ነርቭ ላይ ነው፤ ሕፃን ከሆነ በመቀመጫው ላይ መርፌ የተወጋ እንደሆነ እናቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

እስካሁን የተነገረው ስለ አንድ ነርቭ ነው። በሁለቱም እግሮች ከጣቶቹ ጀምሮ እኩል ወደ ላይ የሚወጣው መደንዘዝ ግን ሌላ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ የሚጎዱት ነርቮች ርዝመታቸው ነው የሚጎዳቸው፤ ሐረር ውስጥ የውኃ ግፊት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚደርቀው ከመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት እንደ ሆነ፣ ሰውነት የነርቭን ፍላጎት ማሟላት ሲያቅተው አስቀድሞ የሚጎድልበት እስከ እግር ጣት የሚሄደው ረጅሙ ነርቭ ነው። ስለዚህ መደንዘዙ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጣቶች ጫፍ ይጀምራቸዋል፤ ካልሲና ጓንት የሚያለብሰውን የሰውነት ክፍል ይከተላል። ስኳር ሕመም ቀዳሚው ምክንያት ነው። «ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ሲወልቅ አይታወቀኝም» የሚል ሰው ገና ቁስል ሳይወጣበት በናይለን ክርና በነዛሪ ብረት መመርመር አለበት፤ በድሬዳዋ የቀትር ሙቀት ባዶ እግሩን የሚራመድ ስሜት የሌለው እግር ሳያውቅ ይቃጠላል። ከስኳር ቀጥሎ መታሰብ ያለበት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶናያዚድ ነው። እርሱ ቫይታሚን ቢ6ን ስለሚያጎድል እግርን ያቃጥላል፣ በቢ6 ይከላከሉታል፤ ቫይታሚን በእርግጥ ቦታውን የሚያገኝበት አንዱ እዚህ ነው። ኤችአይቪ፣ አልኮል፣ የኩላሊት ድካምና የቢ12 እጥረትም በዚህ ተራ ይሰለፋሉ፤ ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ የስኳር ታካሚ የቢ12 እጥረትም ሊኖርበት እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። እጅና እግር በአንድ ጊዜ ደንዝዘው ከመጡ፣ ወይም ታካሚው በጨለማ መራመድ ካቃተው፣ ርዝመትን ተከትሎ የሚሄደው ሥርዓት ስለ ፈረሰ ቢ12ንና ህብለ ሰረሰርን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

አሁን ወደ ወፈረው ነርቭ ልመለስ፤ የሥጋ ደዌ ምልክት ነውና በምሥራቁ ክፍል ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። ሐረር የሥጋ ደዌን ሕክምና ከብዙ የአገራችን ከተሞች በፊት ታውቀዋለች። የካቶሊክ ካፑቺን ሚስዮናውያን የቅዱስ አንቶኒዮስን የሥጋ ደዌ ማዕከል በከተማዋ የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሆን፣ ከሐረር ወጣ ብሎ የሚገኘው የቢሲዲሞ ማዕከል ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የሥጋ ደዌ ረድኤት ማኅበር ድጋፍ ተቋቋመ። ኢትዮጵያ ታካሚው ከአሥር ሺህ ሰው ከአንድ በታች ሲሆን በሽታው የኅብረተሰብ ጤና ችግር መሆኑ አበቃ የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1999 አሟልታለች። በሽታው ግን አልጠፋም፤ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ አዳዲስ ታካሚዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ሲመዘገቡ ቆይተዋል። በእኔ ግምት ከመለኪያው ጋር አብሮ የቀነሰው ነርቭን የመዳበስ ልማድ ነው፤ በሽታው አለቀ ሲባል የሚፈልገው ሰውም አብሮ ያልቃል።

የሥጋ ደዌ መደንዘዝ ከሌሎቹ ሁሉ የሚለይበት መንገድ አለው። ባክቴሪያው የሚወደው ከውስጥ ሰውነት ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ቦታን ስለሆነ የጆሮን ጫፍ፣ ጉንጭን፣ የክርንንና የጉልበትን ውጭ፣ የእጅና የእግርን ጀርባ ይይዛል፤ ብብትን፣ ብሽሽትንና የራስ ቆዳን ይተዋል። ነርቮቹንም የሚያጠቃቸው ወደ ቆዳ ቀርበው በሚያልፉበት ቦታ ነው፤ አልናርን ከክርን ከፍ ብሎ፣ ፔሮኒያልን ከጉልበት በታች፣ የውስጥ እግርን ነርቭ ከቁርጭምጭሚት ኋላ፣ በአንገት ጎን የሚያልፈውን የጆሮ ነርቭ። ስለዚህ የመደንዘዙ ካርታ የነርቭን ድንበርም የርዝመትን ሥርዓትም አይከተልም፤ የሚከተለው የቆዳን ቅዝቃዜ ነው። ሌላም ምልክት አለ። ጥልቅ ነርቮች ስለማይነኩ ሪፍሌክስና የመገጣጠሚያን አቋም የማወቅ ስሜት ደኅና ሆነው ይቆያሉ። እጆቹ ሙቀትንና ሕመምን ጨርሶ የማይለዩ፣ በትኩስ ድስት የተቃጠሉ፣ ሪፍሌክሱ ግን ሙሉ የሆነ ሰው ሲታይ የስኳር ነርቭ ሕመም ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ ቆዳ ላይ ስሜት ከጠፋ ምርመራው ይቀላል። ነገር ግን ቆዳ ላይ ምንም ሳይታይ ነርቭን ብቻ የሚይዝ የሥጋ ደዌ አለ፤ እዚያ ላይ ከመዳበስ ሌላ በር የለም። መድኃኒቱ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለታካሚ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፣ እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። የነርቭ ጉዳት ግን መድኃኒቱ በመጀመሩ ብቻ አይቆምም፤ በሕክምናው መካከልና ከሕክምናው በኋላም ሰውነት ለባክቴሪያው በሚሰጠው ምላሽ ነርቩ በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል፤ ያን ጊዜ ቁጣን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን በቶሎ ሲጀመር እጅ ይተርፋል። ይህ የሚታወቀው በየወሩ የጡንቻ ጉልበትና የስሜት ምርመራ ተደርጎ ካለፈው ወር ጋር ሲወዳደር ብቻ ነው። አንድ ነርቭ ደክሞ፣ ከሳምንታት በኋላ በሌላው ወገን ሌላ ነርቭ የደከመበት ሰውም እንዲሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር «ኒውሮፓቲ» (የነርቭ ሕመም) ተብሎ መመዝገብ የለበትም፤ ከሥጋ ደዌ ሌላ የደም ሥር ቁጣ፣ ኤችአይቪና ስኳር ይፈለጋሉ።

ቀናት የሚቆጠሩበት ሌላው መልክ ከእግር ወደ ላይ የሚወጣ ድካም ነው። ጊላን ባሬ የሚባለው ሕመም በእግር ጣቶች ውርር በማለትና በወገብ ሕመም ጀምሮ እግርን፣ ቀጥሎ እጅን ያደክማል፤ ብዙ ጊዜም በሁለቱም ወገን ፊትን ይይዛል፤ ሪፍሌክስን አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ያጠፋል፣ ሽንትን ግን በአብዛኛው አይነካም። ብዙ ጊዜ ከተቅማጥ ወይም ከትኩሳት በኋላ ይመጣል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጌ ወረርሽኝ፣ በ2019 ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የያዘ የቺኩንጉኒያ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት፤ ሁለቱም ቫይረሶች ይህን የነርቭ ሕመም ሊያስከትሉ ይችላሉ። ችግሩ ቺኩንጉኒያ ራሱ መገጣጠሚያን አሳምሞ ሰውን መራመድ ማሳጣቱ ነው። ልዩነቱ በሪፍሌክሱ ላይ ነው፤ በሕመም ምክንያት ያልተራመደ ሰው ጉልበቱ ሲመታ እግሩ ይወነጨፋል፣ በነርቭ ምክንያት ያልተራመደው ግን አይንቀሳቀስም። ከዚያ በኋላ መከታተል የሚያስፈልገው እግሩን ሳይሆን ትንፋሹን ነው። ታካሚው በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብሎ እስከ 20 መቁጠር ካቃተው ወይም ራሱን ከትራስ ማንሣት ከደከመው የመተንፈሻ ጡንቻዎቹም እየደከሙ ነውና፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ካለበት ሆስፒታል ሳይርቅ መቆየት አለበት። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ግልጽ ቢመስልም ለፖሊዮ ቅኝት ሪፖርት ይደረጋል፣ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት የሰገራ ናሙናም ይወሰዳል። ፖሊዮ ስሜትን ሳይነካ አንዱን እግር ከሌላው አብልጦ የሚያደክም በመሆኑ በመልኩም ይለያል።

እግሮቹ ደክመው መደንዘዙ በሆድ ወይም በደረት ላይ እንደ ቀበቶ ቀጥ ብሎ የሚያበቃ፣ ሽንቱም የተያዘበት ሰው ግን የነርቭ ታካሚ ተብሎ መቆየት አይችልም። ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቷል፤ በአገራችን ደግሞ የአከርካሪ ነቀርሳ ከመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ነው። ሪፍሌክሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠፍቶ ሊያሳስት ስለሚችል መደንዘዙ የሚያበቃበትን መስመር በጀርባ በኩልም መፈለግ ያስፈልጋል። ስሜት ሁሉ ደኅና ሆኖ ድካም ብቻ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ የፖታሲየም መጠንን ማየትና የፀረ ተባይ መድኃኒት ረጭቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

«መሣሪያው ቢኖርስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የነርቭን የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካው ምርመራ ጉዳቱ በነርቩ ሽፋን ላይ ይሁን በራሱ በነርቩ ላይ ለመለየት፣ ለቀዶ ሕክምና ለመወሰንና ቀስ ብለው የሚመጡ አደናጋሪ ድካሞችን ለመፍታት ተወዳዳሪ የለውም። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የማይነገር ገደብ አለው። የተቆረጠ ነርቭ ከቁስሉ በታች ያለው ክፍሉ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ይቀጥላል፤ ስሜት የሚያመጡት ክሮች እስከ አሥር ቀን ድረስ ደኅና መስለው ሊታዩ ይችላሉ፣ የጡንቻው የመርፌ ምርመራም ለውጥ የሚያሳየው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በጊላን ባሬም ቢሆን ምርመራውና የህብለ ሰረሰር ፈሳሹ በመጀመሪያው ሳምንት ጤነኛ ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ከድሬዳዋ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የሄደ ሰው «ምንም የለብህም» የሚል ወረቀት ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ቤተሰቡ ለጉዞውና ለማደሪያው ያወጣው ገንዘብም የትም ቀረ ማለት ነው። ማን መቼ መላክ እንዳለበት የሚወስነው አሁንም በጥጥና በመዶሻ የተሠራው ካርታ ነው።

ይህን ለመሥራት የሚጎድለው ከመሣሪያ ይልቅ ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ። ወረፋው በበዛበት ክፍል ውስጥ፣ ታካሚው በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ የነገረውን አስታማሚው በአማርኛ እያሳጠረ ሲያስተረጉም፣ «ደነዘዘው» የሚለው አንድ ቃል ድካምንም ማቃጠልንም ሊሸፍን ይችላል። ለዚህ ነው ታካሚው በጣቱ እንዲያሳይና መርማሪው ያየውን በሪፈር ወረቀቱ ላይ በተሣለ የሰው ቅርጽ ላይ እንዲያሠምር አጥብቄ የምመክረው፤ ሥዕል በአስተርጓሚ አይጎድልም። በወረቀቱ ላይ የደከሙት ጡንቻዎች ከ0 እስከ 5 ባለው የጉልበት መለኪያ፣ ያልደከሙት ጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ፣ አራቱ ዋና ዋና ሪፍሌክሶች፣ የተዳበሱት ነርቮች ውፍረትና ቀኑ መጻፍ አለባቸው። ቀኑ የሚያስፈልገው ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ነው፤ በክንዱ መሃል ላይ የተጎዳ ራዲያል ነርቭ በአቅራቢያው ያለውን የአንጓ አንሺ ጡንቻ ለመድረስ ከሦስት እስከ አምስት ወር ይፈልጋል። ሁለተኛው ካርታ ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ ድንበሩ ወደ ታች ከወረደ መጠበቅ ይቻላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ግን ጡንቻው ከመድረቁ በፊት የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሊያየው ይገባል።